በደብተር የነደደ ቦይለር

አንተ አንባቢ፣ እስቲ ልጠይቅህ፤ መቶ ከመቶ ያመጣ ልጅ በተመረቀበት ሥራ ላይ ተቃጥሎ ቢሞት ማርኩን ማን ይረከበዋል? እናቱ? መምህሩ? ወይስ ዲፕሎማውን ፍሬም ውስጥ አስገብተን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ «ጎበዝ ነበር» ብለን እንለያያለን? ቶሎ አትመልስ። ይህን ሁሉ ያመጡብን ቶሎ የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ስማ።

ሐሙስ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። አንድ ሽማግሌ መምህር የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ተቀብለው ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ አሳንሰሩ ተበላሽቶ አገኙት። በደረጃው ወረዱ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸው እምቢ አለና ኮሪደሩ ውስጥ ካገኙት አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ወንበሩ የየትኛው ክፍል በር ፊት ለፊት እንደሆነ እንኳ አላዩም። በብብታቸው ሥር ሰማያዊ ክላሰር ሸጉጠዋል፤ ክላሰሩ ውስጥ አንድ ገጽ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤውን ያረቀቁት የሚያስተምሩበት የሙያ ኮሌጅ ዲን ናቸው። ከሳቸው የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው፤ ያውም ከስምንት ሰዓት በፊት።

እኚህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቦይለር ትምህርት ሰጥተዋል። ቦይለር፣ ለማያውቀው፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ትልቅ የብረት በርሜል ነው፤ ጨርቅ የሚያቀልም፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ወተት የሚያፈላ ፋብሪካ ሁሉ ያለሱ አይንቀሳቀስም። ተማሪዎቻቸው ከጀርባቸው «ጋሼ ነጥብ» ይሏቸዋል። ከደብተራቸው እያነበቡ ሲያስጽፉ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ «ነጥብ!» ብለው ጠረጴዛውን በጣታቸው ስለሚመቱ ነው። ቅጽል ስማቸውን ያውቁታል። ለሰው አይናገሩ እንጂ ይኮሩበታልም።

«መምህር?» የሚል ድምፅ ከጎናቸው መጣ።

ዞር አሉ። ሠላሳ ዓመት ያለፋት የማትመስል ሴት ናት፤ የሥራ ቱታ ለብሳለች፤ እጅጌዋ ጥቀርሻ ነው፤ ዓይኖቿ እንቅልፍ አጥተው ቀልተዋል።

«ማን ልበል?»

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ።»

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አተኩረው አዩአትና ሳቃቸው መጣ። «እመት ለምን! አቤት አንቺ ልጅ! ‹ይሄ ለምን ሆነ? ያ ለምን ሆነ?› እያልሽ አንድ ምዕራፍ ሳላስጨርስ ያከረምሽኝ!»

«እኔው ነኝ መምህር።»

«አሁንስ ‹ለምን› ማለት ተውሽ?»

«ትቼው ነበር። እዚህ ያመጣኝም መተዌ ነው።»

«ምን ሆንሽ ልጄ? ታመምሽ?»

«የማቅለሚያ ፋብሪካው የጥገና ኃላፊ ነኝ።»

ፈገግታው የመምህሩ ፊት ላይ እንዳለ ደረቀ። ክላሰሩን ወደ ጎናቸው ጠጋ አደረጉት። የማቅለሚያ ፋብሪካው ስም ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ የአንድ ወጣት ስምም እንዲሁ።

«ልጁ የት ነው ያለው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በጭንቅላቷ በሩን አሳየቻቸው። በሩ ላይ «የቃጠሎ ክፍል» ይላል።

ልብ በል፤ የማቅለሚያ ፋብሪካው ቦይለር ፈንድቶ ልጁን ካቃጠለው ሰባት ቀን ሆኖታል። መምህሩ በሰባት ቀን ውስጥ «ልጁ የትኛው ሆስፒታል ነው የተኛው?» ብለው አንድም ሰው አልጠየቁም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አደጋው ለሳቸው የደረሳቸው በወረቀት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በወረቀት የኖረ ሰው ደግሞ ወረቀት ይታመማል ብሎ አያስብም።

«ነፍሱ እንዴት ነው?»

«ሐኪሙ ቀን መቁጠር ትቷል። ሰዓት ነው የሚቆጥረው።»

መምህሩ ግንባራቸውን በመሐረብ አበሱ። «ምን ነካው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ከኔ እጅ መቶ ከመቶ ያገኙት ሦስት ልጆች ናቸው። እሱ አንዱ ነው። እንዴት እሳት ፊት ይተኛል?»

«ማነው ተኛ ያለው?»

«ፋብሪካችሁ ነዋ! ለኮሌጁ የጻፈው እሱ አይደል? የፈረቃ መዝገቡ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ የጻፈው የውሃ ከፍታ በሳንቲ ሜትር አንድ ነው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። ሄዶ ሳያይ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ የገለበጠ ካልሆነ እንዲህ አይጻፍም ይላሉ።»

«አይቶ ነው የጻፈው መምህር።»

«እንዴት ሆኖ?»

ሴትየዋ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ ለራሷ መቶ ጊዜ እንዳወራችው ነገር ሳታቋርጥ ተናገረች። «ቦይለሩ ውስጥ ያለውን ውሃ በዓይን ማየት አይቻልም፤ የሚታየው ጎኑ ላይ በቆመው የመስታወት ቱቦ ነው። የቱቦው የታችኛው ቀዳዳ በዝቃጭ ተደፍኖ ነበር። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወረደ፣ ወረደ። መስታወቱ ውስጥ ታስሮ የቀረው ግን ንቅንቅ አላለም። ልጁ በየግማሽ ሰዓቱ ሄዶ አየ፤ አሥራ ሁለት፤ ጻፈ። የቦይለሩ ቀለም ሲቃጠል ሲሸተው ደንግጦ ተመልሶ አየ፤ አሥራ ሁለት። መስታወቱ ቆሽሾ ይሆናል ብሎ በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ብረቱ ግሎ የፈነዳው እየወለወለ ሳለ ነው። ጨርቁን ከመዳፉ ላይ የላጡት ሐኪሞቹ ናቸው።»

መምህሩ ሰው ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ተቆጡ።

«ታዲያ መስታወቱን ለምን አልፈተሸም? አስተምሬዋለሁ! ምዕራፍ ስድስት፣ ቁጥር ሦስት! ‹በየፈረቃው መጀመሪያ የመስታወቱ ሦስት ቫልቮች በቅደም ተከተል ተከፍተውና ተዘግተው የውሃው መመላለስ ይረጋገጣል፤ ነጥብ!› ፈተና ላይ ጠይቄዋለሁ። አንዲት ቃል ሳያጓድል ነው የጻፈው። ወረቀቱ ዛሬም አለ!»

ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። አንዲት ነርስ ከወዲያ ጫፍ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በሉ አለቻቸው።

«ወረቀቱ እንዳለ አውቃለሁ፤» አለች የጥገና ኃላፊዋ። «እኔ የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ቫልቭ ነክቶ ያውቃል?»

«ወርክሾፕ ገብቷል።»

«ነክቶ ያውቃል ወይ ነው ያልኩት።»

መምህሩ ክላሰሩን መልሰው በብብታቸው ሥር ሸጎጡት። የማይመልሱበትን ምክንያት እኔ ልንገርህ። ኮሌጁ ቦይለር አለው። ከተገዛ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም የሠራው ፋብሪካ የቀባው ቀለም አልለቀቀም። ለምን ቢባል ነዶ አያውቅማ! ቁልፉ በንብረት ክፍል ሠራተኛው ኪስ ነው። ወርክሾፑ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንዴ አቧራ ለማራገፍ፣ አንዴ ለንብረት ቆጠራ። ተማሪዎች በየሴሚስተሩ ለሃያ ደቂቃ ይገባሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በሰልፍ፣ «መንካት ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ ሥር ዞረው ይወጣሉ። አንድ ብሎን ቢጎድል ተጠያቂ አለ። አንድ ተማሪ ሳይገባው ቢመረቅ ተጠያቂ የለም። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው በጥንቃቄ እንደሚጠበቅ አንተው ፍረድ። ከዚያ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ቦይለሩን በኩራት ያስጎበኙታል! «በዘመናዊ መሣሪያ የተደራጀ» ይሉታል! እፍረት የሚባል ነገር ከመካከላችን ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?

«አንድ ጊዜ ነክቷል፤» አለች ሴትየዋ። «የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ከሰልፉ ወጥቶ አንዱን ቫልቭ አዞረ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ እሱው ነው የነገረኝ። በማን ፊርማ እንደሆነ ያስታውሳሉ?»

አስታወሱ። ልጁ ምን እንዳላቸው ጭምር ትዝ አላቸው። «ምን እንደሚሆን ልየው ብዬ ነው» ነበር ያለው። «እዚህ የምትማረው ለማየት አይደለም!» ብለውት ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ስቋል።

«ሥርዓት ማስያዝ ነው እንጂ ጭካኔ አይደለም፤» አሉ፤ ቃላቸው ግን ከአፋቸው ሲወጣ ጉልበት አልነበረውም።

«ያዘዋ ሥርዓቱን! ፋብሪካ የገባ ቀን ‹ካልተፈቀደልኝ ዕቃ አልነካም› አለኝ። እኔም ሞኟ፣ ጨዋ ልጅ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ከአደጋው በኋላ፣ ገና በደንብ መናገር ሲችል፣ ‹ቫልቩን ለምን አላዞርክም?› ብለው ያንኑ ነው የመለሰልኝ። ‹ማን ፈቀደልኝ?› አለኝ።»

መምህሩ ቀና አሉ። በክርክር የኖረ ሰው ቀዳዳ አያጣም። «ቆይ፣ ቆይ። እናንተስ? ዝቃጩ እስኪደፍን ድረስ ያላጠበው ማነው? ውሃ ሲያንስ ፓምፑን አስነስቶ፣ እምቢ ካለም እሳቱን የሚያጠፋ መሣሪያ አልነበራችሁም? የራሳችሁን ጉድ በአንድ ሽማግሌ ላይ ልትደፈድፉ ነው?»

«ነበረን። እሱም በዚያው ዝቃጭ ታፍኗል። በየወሩ መፈተሽ የኔ ሥራ ነው፤ ሁለት ወር አሳልፌዋለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ የአደጋው አጣሪ ኮሚቴ ሲቀመጥ ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ። ከሥራ እባረራለሁ፤ እስርም አይቀርልኝ ይሆናል።» ወደ መምህሩ ዞረች። «ሌላም አለ። አዲስ ሰው ሦስት ወር ከነባር ሠራተኛ ጋር ተጣምሮ ነው የሚሠራው። እሱን ግን በሁለት ሳምንት ብቻውን ፈረቃ ሰጠሁት። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? መቶ ከመቶ አየኋ! ከሥሩ የእርስዎን ፊርማ አየኋ! አንዴ እንኳ ‹ና፣ ይህን ቫልቭ አዙርና አሳየኝ› አላልኩትም። እርስዎ ነጥብ ሰጡት፣ እኔ ነጥቡን አምኜ እሳት ሰጠሁት። አብረን ነው መምህር።»

«እና ሽምደዳ ይቅር ነው የምትይኝ? ምንም ያልያዘ ጭንቅላት በምን ያስባል? ሐኪሙ የአጥንቱን ስም ሳያጠና ቀዶ ጥገና ያደርጋል?»

«ማጥናት ይቅር መች አልኩ! ቃሉ ያስፈልጋል። ግን ቃሉ ብቻውን ሲመላለስ ሰውየው የገባው ይመስለዋል፤ ይሄ ነው አደጋው። የማያውቅ ሰው ቢያንስ ይፈራል። አይቆጡኝና አንድ ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ። መቼ ጠግበሽ ታውቂያለሽ!»

«በሚነድ ቦይለር መስታወት ውስጥ ውሃው ምን ይመስላል?»

«ከሁለቱ መስመሮች መካከል ይሆናል።»

«የት ነው አላልኩም። ምን ይመስላል? ይቆማል? ይንቀሳቀሳል?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያስጻፉት ደብተር በመምህሩ ዓይን ፊት ተገለበጠ፤ ምዕራፍ ስድስት፣ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት። የለም። ደብተሩን የገለበጡት ከመምህራቸው ነው፤ መምህራቸውም ከማን እንደገለበጡት እግዜር ይወቅ። እሳቸው ራሳቸው ሲነድ ያዩት ቦይለር የለም።

«አላውቅም፤» አሉ። ይህን ቃል ተማሪ ፊት ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ይተነፍሳል፤» አለች በለሆሳስ። «ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝም ካለ እየዋሸ ነው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት የሚል መዝገብ ሲያዩ ነባር ሠራተኞች ሮጠው እሳቱን ያጠፉ ነበር። እኔን ያስተማሩኝ ፊደል ያልቆጠሩ የድሮ ቦይለር ሠራተኛ ናቸው፤ አንድ ጠዋት ብቻ ነው የፈጀባቸው።»

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ሻርፗ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎትታል። እናትየው ናት።

«‹ነጥብ› ያሉት እርስዎ ነዎት?» አለች መምህሩን። «ልጄ ድምፅዎን ሰማ። ይግቡልኝ ይላል።»

ገቡ። ነጭ ፋሻ ነው ያዩት፤ ከፋሻው መካከል አንድ ዓይንና አፍ። አልጋውን ሁለት ጊዜ ሊይዙ ሞክረው ምኑን እንደሚነኩ ጠፋቸው፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«መምህር፤» አለ ልጁ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ምዕራፍ ስድስትን አልረሳኋትም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስገባ እላት ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ። አትድከም።»

«ውሃው ነበረ። በዓይኔ ነው ያየሁት። አሥራ ሁለት። ምኗን ነው የሳትኩት?»

ተመልከት እንግዲህ። ለጥያቄ ሁሉ የተቆጠረ መልስ የነበራቸው ሰው ናቸው።

«አንተ አልሳትክም። እኔ ነኝ ያላስተማርኩህ።»

ልጁ ግራ ተጋባ። ፋሻው ውስጥ ያለችው ዓይን ተንከራተተች። «አስተምረውኛል እንጂ መምህር፤» አለ፤ ሊያጽናናቸው። «መቶ ነው እኮ ያመጣሁት።»

እናትየው መምህሩን በር ድረስ ሸኘቻቸው። «ተኝቶ ነበር አሉት፤» አለች። «ከሞተ ይሙት፣ አንዴ ተፈርዷል። ግን ልጄ እንቅልፋም አይደለም። ይህን የሚናገርልኝ ሰው የለም?»

መምህሩ ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ክላሰሩን ከፍተው ደብዳቤውን ለጥገና ኃላፊዋ ሰጧት። አነበበች። «ተማሪው የመስታወት ፍተሻን በኮሌጁ ቦይለር ላይ በተግባር ሠልጥኖ ብቃቱ የተረጋገጠ መሆኑን እገልጻለሁ» ይላል። ይህ ከተፈረመ ነገሩ አለቀ፤ ያውቅ ነበር፣ ሰነፈ፣ ተኛ፣ ሞተ። ኮሌጁ ንጹሕ፣ ፋብሪካውም ንጹሕ።

«ቢፈርሙ ሠላሳ አንድ ዓመትዎ ይተርፋል፤» አለች።

«ልጁስ?»

«ልጁማ ሁለት ጊዜ ይሞታል።»

መምህሩ ደብዳቤውን ተቀብለው ክላሰሩ ውስጥ መለሱት። ሲናገሩ ድምፃቸው የክርክር ድምፅ አልነበረም። «አሁንም ስልሳ ተማሪ ክፍል ውስጥ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ይጠብቁኛል። ምን ላድርጋቸው? እኔ ሌላ ማስተማር አላውቅም።»

«ከቃሉ አይጀምሩ። ከችግሩ ይጀምሩ። አንድ ባልዲ፣ አንድ በውስጡ የሚያሳይ ቱቦ፣ አንድ ጭብጥ ጭቃ ይበቃዎታል። ቱቦውን ከባልዲው ጎን ያቁሙትና ከታች ያገናኙት። መጀመሪያ ባልዲው ሲሞላ ቱቦውም ሲሞላ ልጆቹ ይዩ። ከዚያ መገናኛውን እነሱ ሳያዩ በጭቃ ይድፈኑትና ‹ባልዲውን ባጎድለው ቱቦው ምን ይሆናል?› ይበሏቸው። እያንዳንዱ ግምቱን ጽፎ ይፈርምበት። ከዚያ ባልዲውን ያፍስሱት።»

«ቱቦው እንደ ሞላ ይቀራል።»

«ስልሳውም ይደነግጣሉ። ያቺ ድንጋጤ ናት ትምህርቱ! ያኔ ‹ለምን?› ይበሉ። እርስዎ አይመልሱ፤ እነሱ ይጨቃጨቁ። ‹ታዲያ የሚዋሸውን ከማይዋሸው በምን ትለያለህ?› ይበሉ። ቫልቭ መክፈትን ራሳቸው ይፈጥሩታል፤ እመኑኝ። ምዕራፍ ስድስትን ከዚያ በኋላ ያስጽፉ። ያኔ ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ አለው።»

«አሥራ አራት ምዕራፍ አለብኝ እኮ! በዚህ አካሄድ ግማሹንም አልጨርስ።»

«አሥራ አራቱን ጨርሰው የት ደረስን?»

ሽማግሌው የቃጠሎ ክፍሉን በር አዩ።

«ስድስት ምዕራፍ ይሁን፤ ግን ይግባቸው፤» አለች። «አንዱን ነገር ከሥሩ ያወቀ ሰባተኛውን ራሱ ያነባል። ከዚያ ወርክሾፑ ይከፈት። ስድስት ስድስት ሆነው ይግቡ። አንዱ ያንቀሳቅስ፣ አንዱ መዝገብ ይያዝ፣ አንዱ ይቆጣጠር፤ ሳምንት ሳምንት ይቀያየሩ። ፈረቃ ሲያስረክቡ በቃል ያስረክቡ። ሥራ ቦታ የሚገድለን ቫልቭ አለማወቅ ብቻ መሰለዎት? ‹አልገባኝም› ማለት ማፈር፣ አለቃን ‹አቁም› ማለት መፍራት፣ ያሸተቱትን ለጓደኛ አለመናገር፣ ይሄ ሁሉ ይገድላል። ይህም ልምምድ ይፈልጋል፤ ፋብሪካ በር ላይ ከሰማይ አይወርድም።»

«ፈተናውስ? ፈተና ከላይ ነው የሚመጣው።»

«የላዩ ይምጣ፤ ይጻፉለት። የእርስዎ ፈተና ግን ቦይለሩ አጠገብ ይሁን። እርስዎ ማታ አንድ ነገር ያበላሹ፤ ልጁ ጠዋት ይፈልገው፤ ሲያገኘው ለምን እንደሆነ ያስረዳ፤ ሊያደርግ ያሰበውን ከመንካቱ በፊት ይናገር። ሲሳሳት ማስጠንቀቂያ አይጻፍበት፤ የሚሳሳትበት ቦታ ትምህርት ቤት ካልሆነ የት ሊሆን ነው? የድሮውን ቦይለር ሠራተኛም እለምንልዎታለሁ፤ መጥተው ከጎንዎ ይቆማሉ።»

«ዲግሪ የሌላቸው ሰው ኮሌጅ ገብተው ሊያስተምሩ?»

«ቦይለሩ የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም መምህር።»

በዚያ ሁሉ መካከል ሽማግሌው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አልሳቁም። ከአግዳሚው ሳይነሡ ረፈደ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነርሷ ወደ ቃጠሎ ክፍሉ እየሮጠች ገባች፤ ሐኪሙ ተከተላት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከውስጥ የተሰማውን ድምፅ አልጽፈውም፤ እናት ያለው ያውቀዋል።

ስምንት ሰዓት ላይ አጣሪ ኮሚቴው በፋብሪካው አዳራሽ ተቀመጠ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰብሳቢዎች፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ የኮሌጁ ዲን፣ ከኋላ በኩል ቆመው የሚያዳምጡ ሠራተኞች። እናትየውም መጣች። ዘመዶቿ ከአስከሬኑ እንዳትለይ ቢለምኗትም እምቢ ብላ፣ የሆስፒታሉን የፕላስቲክ ጫማ እንዳደረገች መጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ የጥገና ኃላፊዋ ተነሥታ ያሳለፈቻቸውን ሁለት ወራት፣ ያለ ጊዜው የሰጠችውን ፈረቃ ሳትቀንስ ተናገረች። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አዞረባት። ከዚያ የኮሌጁ ተራ ደረሰ።

«መምህር፣ ደብዳቤውን ያቅርቡ፤» አሉ ዲኑ፤ ፈገግ ብለው።

መምህሩ ተነሡ። ደብዳቤውን ጮክ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ሳይፈርሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይህ ሐሰት ነው፤» አሉ። «ይህ ልጅ በኔ ዘመን አንድ ቫልቭ ብቻ ነው የነካው፤ በነካው ቫልቭም እኔው ቀጣሁት። መቶ ከመቶ የሰጠሁት ለእጅ ጽሑፉ ነው። ልጁ አልተኛም። የሚዋሽ መስታወት እያየ እውነቱን ጻፈ፤ መስታወት እንደሚዋሽ ያላሳየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ አስተማረችኝ፤ በሠላሳ አንድ ዓመቴ። ከሰኞ ጀምሮ በባልዲም ቢሆን አስተምራለሁ። ልጆቼ ከቃል በፊት ነገሩን ያያሉ፤ ያዩትን ያስረዳሉ፤ ያስረዱትን ይሠሩታል። እንዲህ የተማረ ልጅ ሽታ ሲሸተው ጨርቅ አያነሣም፤ እሳት ያጠፋል። አለቃው ሲሳሳት አቁም ይላል። አዲስ ማሽን ቢያመጡለትም አይደነግጥም፤ ከሥሩ ይጠይቀዋል። ፋብሪካውም የሚቀጥረውን ያውቃል፤ እናቱም ማታ ቤቱ እንደሚገባ ታውቃለች። ይህን ለማድረግ ግን የወርክሾፑ ቁልፍ ያስፈልገኛል።»

«መምህር፣ ይህ የውስጥ ጉዳያችን ነው፤» አሉ ዲኑ፤ ፈገግታቸው ጠፍቶ። «ቢሮ እንነጋገርበታለን።»

«ቢሮ አልመጣም።» ሽማግሌው ወደ ዲኑ ዞሩ፤ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አላረፈም፤ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ፣ ወደ እናትየው ጠቆመ። «ኮሌጁ ቦይለር ካለው አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ቀን ነደደ? ስንት ተማሪ እጁን አሳረፈበት? ቁጥሩን ይንገሩን፤ እዚሁ፣ እኚህ እናት እየሰሙ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብለው ይመልሱ!»